«ማሳጅ ነዋ!» እና ሌሎች ስለ አንጎል ተመራማሪ የሚባሉ ነገሮች

በቀደም ሰርግ ላይ አጎቴ «አሁን ምንድን ነው የምትሠሪው?» አሉኝ። ስትሮክ የመታው አንጎል እንዴት እንደሚያገግም እንደማጠና ነገርኳቸው። «አማኑኤል ገባሽ?» ብለው ደነገጡ። ሙያዬ ፊዚዮቴራፒ መሆኑን ሳስታውሳቸው ፊታቸው ፈታ አለ። «እንዲያ በይኛ፣ ማሳጅ ነዋ!» ወገባቸውን ይዘው ወንበራቸውን አስጠጉ።

የአንጎል ጉዳይ ሁሉ የአእምሮ ሕመም አይደለም፤ ይቺን በዚሁ ልለፋት። «የአንጎላችንን 10 በመቶ ብቻ ነው የምንጠቀመው» የሚለውም ተረት ነው። 90 በመቶው ትርፍ ቢሆን ኖሮ እኔ ምን ሥራ ነበረኝ?

የሚያንገበግበኝ ግን «የአንጎል ምርምር የዶክተር ነው፣ ፊዚዮቴራፒስት የታዘዘውን ያሻል» የሚለው ነው። አጎቴ ብቻ ቢሉኝ ምን ነበረበት፤ ነጭ ጋዋን የለበሱም ይሉኛል። እሺ፣ እንቁጠር። ደህነኛውን እጅ በጓንት ሸብቦ ደካማውን ለሥራ የማስገደዱን ሕክምና ያመጡት ኤድዋርድ ታውብ ሳይኮሎጂስት ናቸው። ስትሮክ ከመታቸው ከ3 እስከ 9 ወር በሆናቸው 222 ሰዎች ላይ ይህንኑ የፈተሸውን፣ በ2006 እ.ኤ.አ. ውጤቱ የወጣውን የአሜሪካ ጥናት የመሩት ስቲቨን ዎልፍ ፊዚዮቴራፒስት ናቸው። የሁለት ሳምንት ልምምድ ያመጣው ለውጥ ከዓመት በኋላም አልጠፋም። («ሦስት ወር ካለፈው አይሻለውም» የምትሉ፣ እግረ መንገዳችሁን ይቺን ያዙ።) የአውስትራሊያዋ ጁሊ በርንሃርትም ፊዚዮቴራፒስት ናቸው። ታካሚውን በ24 ሰዓት ውስጥ አስነስቶ አብዝቶ ማንቀሳቀስ ይበጃል ሲባል፣ በ2,104 ታካሚዎች ላይ ሞከሩት። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው ውጤት ተገላቢጦሽ ሆነ፤ ከሦስት ወር በኋላ ደህና ደረጃ ላይ የተገኙት በመደበኛው እንክብካቤ 50፣ በአዲሱ 46 በመቶ ነበሩ። ይህን ጥያቄ ማን ይጠይቀው? በየቀኑ ሰው ከአልጋ የሚያስነሳ ነዋ!

«ተመራማሪ ማለት ማይክሮስኮፕ» የሚሉም አሉ። የእኔ መሣሪያ ዘጠኝ ቀዳዳ ያለው ሰሌዳ፣ ዘጠኝ ትንንሽ እንጨትና ሰዓት ነው። ጤነኛ ሰው ሰክቶ ነቅሎ ለመጨረስ 20 ሰከንድ ገደማ ይበቃዋል። ስትሮክ የመታቸው አንዲት እናት ሦስተኛዋ እንጨት ላይ ብቻ ሁለት ደቂቃ ታገሉ። ልረዳቸው እጄን ስዘረጋ «ተይኝ ልጄ፣ ፈተና ላይ መኮራረጅ የለም» አሉኝ።

ፒኤችዲ የሀብታም ልጅ ነገር ነው ብላችሁ የተዋችሁት ፊዚዮቴራፒስቶች ደግሞ ስሙኝ። አሜሪካ ውስጥ አብዛኛው የኒውሮሳይንስ (የአንጎልና የነርቭ ሳይንስ) ፒኤችዲ የትምህርት ክፍያውን ሸፍኖ መተዳደሪያም ይሰጣል፤ በመጀመሪያ ዲግሪ የሚቀበልም ብዙ ነው። የሚያስከፍለው ዕድሜ ነው፣ አምስት ስድስት ዓመት። ስታትስቲክስ ከዛሬ ጀምሩ፤ ማስሊያው፣ አር (R) የሚባለው ሶፍትዌር፣ በነፃ ይገኛል። ለፕሮፌሰር ስትጽፉ ከታካሚያችሁ አልጋ አጠገብ ያገኛችሁትን አንድ ጥያቄ ጻፉ እንጂ ውዳሴ አታብዙ። እኔ በ«ክቡር ሆይ» ጀምሬ ሁለት ሁለት ገጽ ሳወድስ መልስ የሰጠኝ አልነበረም።

የአጎቴን ወገብ ግን አሸሁት።