ክሪም እና ሮያል አልበርት ሆል፦ በአንድ አዳራሽ የተከናወነ ስንብትና መመለስ

ክሪም በ1966 ለንደን ውስጥ የተመሠረተ የብሪታንያ የሮክ ባንድ ሲሆን፣ አባላቱም ጊታር ተጫዋቹ ኤሪክ ክላፕተን፣ ቤዝ ጊታር ተጫዋቹና ድምፃዊው ጃክ ብሩስ፣ እንዲሁም ድራም ተጫዋቹ ጂንጀር ቤከር ነበሩ። ቀድሞ በሌሎች ባንዶች ስም ያተረፉ ሙዚቀኞች ተሰባስበው የሚያቋቁሙት ቡድን በሮክ ዓለም ሱፐርግሩፕ ይባላል፤ ክሪምም የዚህ ዓይነቱ ስብስብ የመጀመሪያው እንደሆነ ብዙዎች ይስማማሉ። ባንዱ የኖረው ሁለት ዓመት ከጥቂት ወራት ብቻ ነው። በኖቬምበር 1968 ወደተሰናበተበት፣ ለንደን ወደሚገኘው የሮያል አልበርት ሆል አዳራሽ መድረክ ግን ከ36 ዓመታት በኋላ፣ በሜይ 2005፣ ያው ሦስት ሰው ሆኖ ተመልሷል። እዚህም ሆነ ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ክሪም የሚለው ቃል የወተትን ስልባቦት የሚያመለክት ሲሆን፣ በእንግሊዝኛ የምርጦች ምርጥ ለማለትም ይውላል። ሦስቱ ሰዎች ራሳቸውን በምን ዓይን ይመለከቱ እንደነበር ከዚህ የበለጠ ማስረዳት አያስፈልግም። ክላፕተን በያርድበርድስና በጆን ሜዮል ብሉዝብሬከርስ ውስጥ ተጫውቶ የለንደን ወጣቶች እንደ ተአምር የሚያዩት ጊታሪስት ሆኖ ነበር። ብሩስና ቤከር ደግሞ የግራም ቦንድ ኦርጋናይዜሽን ባልደረቦች ነበሩ፤ በዚያም ሳሉ ጠባቸው መድረክ ላይ እስከ መደባደብ ደርሶ፣ በመጨረሻ ቤከር ብሩስን ከባንዱ አባርሮታል። ቤከር አዲስ ቡድን እናቋቁም ብሎ ወደ ክላፕተን ሲሄድ፣ ክላፕተን ያቀረበው ቅድመ ሁኔታ ብሩስ ይግባ የሚል ነበር። ጠቡ ከባንዱ ጋር አብሮ ተጠነሰሰ ማለት ይቻላል።

በዚያች አጭር ጊዜ ውስጥ ፍሬሽ ክሪም፣ ዲዝራኤሊ ጊርስ፣ ዊልስ ኦፍ ፋየር እና ከተበተኑ በኋላ በ1969 የወጣው ጉድባይ የተባሉ አራት አልበሞች አሳትመዋል። ከአልበሞቹ ይልቅ ግን ስማቸውን የተከለው የመድረክ አጨዋወታቸው ነው። በሸክላ ላይ ሦስትና አራት ደቂቃ የሚፈጅ ዘፈን መድረክ ላይ ሲወጣ አሥራ አምስት ደቂቃና ከዚያም በላይ ይሄድ ነበር፤ ሦስቱም በአንድ ጊዜ ሶሎ (አንዱ ጎልቶ ለብቻው የሚሰማበት አጨዋወት) እንደሚጫወቱ ሆነው፣ አንዱ ለሌላው አጃቢ መሆንን እምቢ እያሉ ይጓዙ ነበር። ይህ አጨዋወት የጃዝ ልምድ የነበራቸው ብሩስና ቤከር ወደ ሮክ ያመጡት ነው፤ ባንዱን ያከበረውም ያፈረሰውም እሱ ይመስለኛል።

ሮያል አልበርት ሆል በለንደን ሳውዝ ኬንሲንግተን የሚገኝ፣ ሞላላ ቅርጽና ትልቅ የመስታወት ጉልላት ያለው አዳራሽ ነው። ንግሥት ቪክቶሪያ በ1861 ለሞቱት ባለቤታቸው ለልዑል አልበርት መታሰቢያ እንዲሆን የመሠረት ድንጋዩን በ1867 ያኖሩ ሲሆን፣ ሕንፃው ማርች 29 ቀን 1871 ተመረቀ። ከ5,000 በላይ ሰው ይይዛል። ለግንባታው ገንዘብ ለማሰባሰብ ሲባል ከመቀመጫዎቹ ከ1,200 የሚበልጡት ለ999 ዓመት በሊዝ ስለተሸጡ፣ እነዚህ ዛሬም ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፉና የሚሸጡ የግል ይዞታዎች ናቸው።

የጉልላቱ ውበት ለጆሮ ዕዳ ነበር። ከመድረክ የወጣው ድምፅ ወደ ላይ ተጉዞ፣ ከጣሪያው ተላትሞ፣ ዘግየት ብሎ ስለሚመለስ፣ አንድ የእንግሊዝ የሙዚቃ ደራሲ ሥራውን ሁለት ጊዜ ለመስማት እርግጠኛ የሚሆነው በዚህ አዳራሽ ብቻ ነው እየተባለ ይቀለድ ነበር። ለዚህ ችግር መፍትሔ የመጣው አዳራሹ መቶ ዓመት ሊሞላው ሲቃረብ በ1969 ነው፤ እንጉዳይ የሚል ቅጽል የወጣላቸው ትልልቅ የፋይበርግላስ ሳህኖች ከጣሪያው ላይ ተንጠለጠሉና ድምፁ ጉልላቱ ውስጥ ገብቶ እንዳይንከራተት አገዱት።

ክሪም የተሰናበተው ከዚህ በፊት፣ ኖቬምበር 26 ቀን 1968፣ በአንድ ምሽት ሁለት ጊዜ መድረክ ላይ በመውጣት ነው። መድረኩን ያሟሹት ያኔ ብዙም ያልታወቁት «የስ» የተባለው ባንድ እና የጊታሪስቱ የሮሪ ጋላገር ባንድ የነበረው «ቴስት» ናቸው። ቤከር 29፣ ብሩስ 25፣ ክላፕተን 23 ዓመታቸው ነበር። ከኋላቸው የተደረደሩት ማርሻል የተባሉ የድምፅ ማጉያዎች (አምፕሊፋየሮች) ቁመት ከሰው በላይ ሲሆን፣ ቤከር የመስማት ችሎታዬን የጎዱት እነሱ ናቸው እያለ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ሲያማርር ኖሯል። እንዲህ ያለ ጩኸት እንዲያ በሚያስተጋባ ጉልላት ሥር ምን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም።

ያንን ምሽት የፊልም አዘጋጁ ቶኒ ፓልመር ለቢቢሲ ቀርጾታል። ፊልሙ እንደ ሰነድ ውድ ቢሆንም አቀራረቡ ያስከፋል፦ ካሜራው ፊት ላይ እየተጣበቀና እየተወዛወዘ፣ ተመልካቹ ሊያየው የሚፈልገው የጣቶች አጨዋወት ደጋግሞ ያመልጠዋል። ይልቅ ትዝ የሚለው ከመድረክ ውጭ የተቀረጸ አንድ ትዕይንት ነው። ክላፕተን በቀለም ያሸበረቀውን ጊብሰን ጊታሩን ታቅፎ፣ የቃናውን ቁልፎች በጣቱ እያዞረ፣ ቀጭኑን ድምፅ አጥፍቶ ወፍራሙን ብቻ በማስቀረት ራሱ የሴት ቃና ብሎ የሚጠራውን ለስላሳ ድምፅ እንዴት እንደሚያወጣ ረጋ ባለ አንደበት ያሳያል።

ከዚያ በኋላ ሦስቱ በየፊናቸው ሄዱ። ክላፕተንና ቤከር ብላይንድ ፌይዝ በተባለ ሌላ ሱፐርግሩፕ ውስጥ ጥቂት ወራት ቆዩ፤ ቤከር ቀጥሎ ናይጄሪያ ገብቶ ከአገሪቱ ሙዚቀኛ ከፌላ ኩቲ ጋር ተጫወተ፣ ሌጎስ ውስጥም የሙዚቃ ስቱዲዮ ከፈተ። በመካከሉ አንድ ላይ የቆሙት በጃንዋሪ 1993 ወደ ሮክ ኤንድ ሮል የዝና አዳራሽ ሲገቡ ሲሆን፣ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ሦስት ዘፈን ተጫውተው ተለያዩ። ክላፕተን ግን ለሮያል አልበርት ሆል ቤተኛ ሆኖ ነበር፤ በዚያ መድረክ ላይ በሕይወት ዘመኑ ከ200 ጊዜ በላይ ወጥቷል።

በ2005 እንደገና አብረን እንጫወት የሚለውን ጥሪ ያስተላለፈውም እሱ ነው። ብሩስ በ2003 የጉበት ንቅለ ተከላ አድርጎ፣ ሰውነቱ አዲሱን ጉበት አልቀበልም ብሎት ከሞት አፋፍ ተመልሷል፤ ቤከር በአንጓ ብግነት ይሠቃይ ነበር። ነገ ዛሬ ሲባል አንዳቸው ሊጎድሉ ይችሉ ነበር። ትኬቶቹ በአንድ ሰዓት ጊዜ ውስጥ አለቁ። የመጀመሪያው ምሽት ሜይ 2 ሲሆን በእኛ አቆጣጠር የ1997ቱ ፋሲካ ማግስት ነበር፤ የቀሩት ሜይ 3፣ 5 እና 6 ተካሄዱ።

አዳራሹ ያው፣ ሰዎቹም እነዚያው ነበሩ፤ ድምፁ ግን ሌላ ነው። በጣሪያው እንጉዳዮች ላይ የብዙ ዓመታት እድሳት ተጨምሮ፣ ያም ገና በ2004 ተጠናቆ ነበር። ክላፕተን በጊብሰን ፋንታ ጥቁር ፌንደር ስትራቶካስተር ጊታር አንጠልጥሎ፣ የማርሻሉን ግድግዳ በትናንሽ አምፕሊፋየሮች ተክቶ ወጣ። ዘፈኖቹ አጠር፣ ምታቸውም ዝግ ብሏል። የወጣትነቱን እልህና ፍጥነት የሚፈልግ አድማጭ ቅር ሊለው ይችላል፤ በእኔ ግምት ግን ብሩስ በቤዙ የሚሠራው ዜማና የቤከር እጅ ልስላሴ በዚህ አዳራሽ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ በትክክል የተሰማው ያን ሳምንት ነው። ቤከር ቶድ በተሰኘው የድራም ሶሎው ላይ ጉልበት ሳይሆን ቆጠባ አሳይቷል፤ በሁለቱ ቤዝ ድራሞች እግሩን እያፈራረቀ፣ ምቱን ሳያጣድፍ፣ አንዱን ሐረግ በሌላው ላይ ይደርብ ነበር።

ስኬቱ ባንዱን ወደ ኒው ዮርክ ወሰደው። ኦክቶበር 24፣ 25 እና 26 በማዲሰን ስኩዌር ጋርደን አዳራሽ የተካሄዱት ሦስት ኮንሰርቶች ግን የለንደኑን ያህል ልምምድ አልተደረገባቸውም፤ የብሩስ ቤዝ ጮኸብኝ የሚለው የቤከር አሮጌ ክስም እዚያው መድረክ ላይ አገረሸ። ክሪም ከዚያ ወዲያ አልተጫወተም።

ብሩስ ኦክቶበር 25 ቀን 2014፣ ቤከር ኦክቶበር 6 ቀን 2019 አረፉ። ክላፕተን በፌብሩዋሪ 2020 ለቤከር መታሰቢያ ያዘጋጀው ኮንሰርት የተካሄደው ለንደን ውስጥ ቢሆንም፣ በሮያል አልበርት ሆል ሳይሆን ሃመርስሚዝ በሚገኘው አፖሎ ነው።