ልጅና ወረቀት የያዘውን አይለቅም

ይህን አባባል ብዙ ጊዜ የምንሰማው ልጅ ሲያስደነግጠን ነው። እቤት የሰማውን ሐሜት እንግዳ ፊት ሲዘረግፈው፣ ወይም ከሰፈር ስድብ ለቅሞ ሲገባ። ያኔ "አይ፣ ልጅና ወረቀት የያዘውን አይለቅም" ይባላል። ጥፋቱ የልጁ ይመስል!

ትርጉሙ ቀላል ነው። በልጅነት የገባ ነገር፣ ደግም ይሁን ክፉ፣ በቀላሉ አይወጣም። ውበቱ ያለው "ያዘ" እና "ለቀቀ" የሚሉት ቃላት ላይ ነው። ጨርቅ ቀለም ይይዛል፤ ሲታጠብ ደግሞ ይለቃል። ልጅም ትምህርት "ይይዛል"። ትምህርቱን ራሱንም "ቀለም" እንለዋለን፤ ቀለም ቆጠረ፣ ቀለም ገባው እያልን።

ምስሉ ከጸሐፊ እጅ የተወሰደ ነው። የድሮ ቁም ጸሐፊዎች የሚጽፉት ከፍየል ወይም ከበግ ቆዳ በሚዘጋጅ ብራና ላይ ነበር። ብራና ምሕረት አለው። የተሳሳተውን ቃል በስለት ፍቀው እንደገና ይጽፉበታል። ወረቀት ግን ቀለሙን ይጠጣል፤ ልፋቅህ ቢሉት ይቀደዳል። ልጅ ከብራና ጋር ሳይሆን ከወረቀት ጋር መጣመሩን ልብ በሉልኝ።

ወረቀት ደግሞ በራሱ ላይ አይጽፍም። አባባሉ ወደኛ ወደ ወላጆች የሚዞረው እዚህ ላይ ነው። ልጃችንን መዋዕለ ሕፃናት አስገብተን የወር ክፍያ ስንከፍል፣ ብዕሩን ለመምህሯ ያስረከብን ይመስለናል። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የቅድመ መደበኛ ትምህርትና እንክብካቤ ብሔራዊ ፖሊሲ ማዕቀፍ አራት ምሰሶዎች አሉት። የመጀመሪያው የወላጆች ትምህርት ነው፤ መዋዕለ ሕፃናት የመጣው ሦስተኛ ላይ ነው። ትክክል ነው እላለሁ። ልጅ በአራት ዓመቱ ክፍል እስኪገባ ድረስ ወረቀቱ ላይ ብዙ ተጽፏል።

የአራት ዓመቷ ልጄ አንድ ቀን ከአሻንጉሊቷ ጋር ስትጫወት በር ላይ ቆሜ አየኋት። የቴሌቪዥኑን ሪሞት ጆሮዋ ላይ ለጥፋለች። አሻንጉሊቷን በእጇ ገፋ አደረገችና "ቆይ አንዴ፣ ስልክ ላይ ነኝ" አለቻት። አነጋገሩ የኔ ነው። የእጁ አገፋፍም የኔው። ክው ብዬ ቀረሁ።

"እኔ አልተማርኩም፣ ምን አግዘዋለሁ?" የሚሉ ወላጆች አሉ። ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ሽንኩርት እየላጡ አብሮ መቁጠር ዲግሪ አይጠይቅም። ሲኒ በትልቅ በትንሹ ማስደርደርም እንዲሁ። ማታ ማታ እንቆቅልሽ መጠያየቅማ ፊደል ያልቆጠሩ አያቶች ከማናችንም በላይ የተካኑበት ነው።

እኔ ልጄን ስወስድ መምህሯን የምጠይቀው "ምሳዋን በላች?" ብቻ ነበር። አሁን "ዛሬ ምን አስቸገራት?" እላለሁ። ባለፈው ሳምንት "መቀስ አያያዙ አልመጣላትም" አለችኝ። ማታ ስልኬን ሌላ ክፍል ትቼ፣ የቆየ ጋዜጣና ጫፉ ዱልዱም የሆነ መቀስ ይዘን ምንጣፉ ላይ ተቀመጥን።