ብርብራን ዓሣው ያውቀዋል፦ ስለ ተፈጥሯዊ ፀረ-ተባይ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የጓሮዬን ጎመን ክሽክሽ (ቅጠል የሚመጥ ጥቃቅን ነፍሳት) ሲወርረው መጀመሪያ ያደረግሁት እንደ ሰው ሁሉ ስልኬን መክፈት ነበር። አንዱ ነጭ ሽንኩርትና ሚጥሚጣ ወቅጠህ እርጭ ይላል፤ ሌላው ትምባሆ ዘፍዝፍ፤ ሌላው ዐመድ ነስንስ። ምክራቸው ይለያይ እንጂ ሁሉም የሚዘጉት በአንድ ቃል ነው፦ «ተፈጥሯዊ ስለሆነ ምንም ጉዳት የለውም።» ከእሱው ልጀምር።

«ተፈጥሯዊ ከሆነ አይጎዳም»

ይህን ጣና ዙሪያ ላለ ዓሣ አጥማጅ ቢነግሩት ይስቃል። ብርብራ ከኢትዮጵያ ውጭ የማይበቅል አገር በቀል ዛፍ ነው፤ ለቡና ጥላ ይሆናል። ዘሩ ግን ተወቅጦ ውሃ ላይ ሲበተን ዓሣው ሰክሮ ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ይንሳፈፋል። ይህን የሚያደርገው ሮቴኖን የተባለ ንጥረ ነገር ነው፤ ነፍሳትን የሚገድለውም እሱው። የብርብራ ዱቄት ነቀዝ ይገድላል የሚሉት እውነታቸውን ነው። ነገር ግን የረጩበትን ዕቃ ወስዶ ወንዝ ዳር የሚያለቀልቅ ሰው ከታች ላለው ዓሣ ምን እንደላከ ይወቅ።

እንዶድም እንዲሁ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ አካባቢ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቢልሃርዝያ የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ በእንዶድ የመቆጣጠሩ ሐሳብ የተወለደው ከዚያ ነው። ልብስ የሚያነጣው፣ ቀንድ አውጣ የሚፈጀው እንዶድ ዓሣም ይፈጃል።

ትምባሆው ይብሳል። ኒኮቲን በቆዳ በኩል ወደ ሰውነት ይገባል፤ እርጥብ የትምባሆ ቅጠል የሚለቅሙ ሠራተኞችን የሚያቅለሸልሻቸውና የሚያዞራቸው ይኸው ነው። ዝፍዝፉን በባዶ እጅ ማማሰል፣ ይባስ ብሎም ልጆች ባሉበት ቤት በሃይላንድ ጠርሙስ ማስቀመጥ የሚያስፈራ ነገር ነው። ሌላም ጣጣ አለው። ትምባሆ ከቲማቲም፣ ከቃሪያና ከድንች ጋር ዘመዳም ስለሆነ ቅጠሉ ይዞት የሚመጣው ቫይረስ ወደ እነሱ ይሻገራል። ክሽክሽ አባርራለሁ ያለ ሰው በገዛ እጁ በሽታ ረጨ ማለት ነው።

ቅንጭብን በተመለከተ አንድ ቃል ብቻ፦ ወተቱ ዓይን ውስጥ ከገባ ብሌኑን ያቆስላል። እኔ አልነካውም።

«ኒም እኛም ሰፈር አለ»

ኒም ዘሩ ለፀረ-ተባይነት የሚያገለግል ዛፍ ነው፤ ሰፈራችን ግን አብዛኛውን ጊዜ የለም። ደጋና ወይና ደጋ ባሉ ከተሞች መንገድ ዳር ቆሞ «ኒም» የሚባለው ዛፍ ብዙውን ጊዜ ሚሊያ ነው። ሁለቱ የሥጋ ዘመዳሞች ናቸው፤ መልካቸውም ያምታታል። ኒም ግን ቆላ ይወዳል፤ ድሬዳዋ፣ አፋር፣ ጋምቤላ ሄዶ መፈለግ ነው። ውርጭ አይችልም።

ለመለየት አንድ ቅጠል ቀጥፎ ማየት ይበቃል። የኒም ቅጠል አንድ ዘንግ አለው፤ ጠርዛቸው መጋዝ የመሰለ ትንንሽ ቅጠሎች ግራና ቀኙን እንደ ላባ ተደርድረውበታል። የሚሊያው ዘንግ ግን እንደገና ቅርንጫፍ ያወጣል፤ ትንንሾቹ ቅጠሎች ያሉት በእነዚያ ቅርንጫፎች ላይ ነው። አበባው የኒም ነጭ፣ የሚሊያ ሐምራዊ ነው። ሚሊያ ቅጠሉን ሲያራግፍ ቢጫ ድቡልቡል ፍሬዎቹ ባዶው ቅርንጫፍ ላይ ተንጠልጥለው ይቀራሉ። እነዚያ ፍሬዎች ሰውንም ከብትንም ይመርዛሉ። «የኒም ሻይ» እያለ የሚሊያ ቅጠል የሚያፈላ ጎረቤት ነበረኝ፤ ሁለቱን ቅጠሎች ጎን ለጎን አስቀምጬ እስካሳየው ድረስ አላመነኝም።

«ኒም ረጭቼ በማግሥቱ ትሉ አልሞተም፤ ስለዚህ አይሠራም»

ኒም ትሉን እዚያው አይጥለውም። አዛዲራክቲን የሚባለው ንጥረ ነገሩ ትሉን ምግብ ያስጠላዋል፣ ቆዳውን ቀይሮ እንዳያድግም ያግደዋል። ትሉ በማግሥቱ ቅጠሉ ላይ ተቀምጦ ቢገኝ አይግረምዎ። መታየት ያለበት አዲስ የተበላ ቅጠል መኖር አለመኖሩ ነው፤ ለውጡም ቀናት ይፈልጋል።

ብዙ ሰው ደግሞ ኒሙን ራሱ ገድሎ ነው የሚረጨው። ዘሩን ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል፤ ጥላ ላይ መድረቅ ነበረበት። ላስቲክ ውስጥ ያፍነዋል፤ ይሻግታል። ጭማቂውን በጄሪካን አስቀምጦ ለሳምንታት ይጠቀምበታል፤ ኃይሉ ግን ያኔ አልቋል። የተለመደው አሠራር ይህ ነው፦ ለ1 ሊትር ውሃ 50 ግራም የተፈለፈለ የኒም ዘር ወቅጦ መዘፍዘፍ፣ ማሳደር፣ በጨርቅ ማጥለል፣ ቅጠሉ ላይ እንዲጣበቅ ትንሽ ሳሙና ጨምሮ በዚያው ቀን አመሻሽ ላይ መርጨት። ባለ 15 ሊትር የጀርባ መርጫ 750 ግራም ዘር ይፈልጋል ማለት ነው፤ ይህ ቀላል ልቀማ አይደለም። አመሻሽ የሚባለውም አዛዲራክቲን ፀሐይ ስለሚያጠፋው ነው።

«ቤት ያለውን ሁሉ መቀላቀል ያጠነክረዋል»

እኔም ሞክሬዋለሁ። ነጭ ሽንኩርት፣ ሚጥሚጣ፣ የዱቄት ሳሙና፣ የምግብ ዘይት፤ ያውም በቀትር። ክሽክሹ ግማሹ ተረፈ፣ ጎመኑ ተቃጠለ። ክሽክሽን የገደለው ሳሙናው ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ሳሙና ሰውነታቸው ለስላሳ የሆኑ ነፍሳትን ይገድላል፤ የሚገድለው ግን ያረጠባቸውን ብቻ ነው፣ ከደረቀ በኋላ ምንም አይሠራም። ስለዚህ የቅጠሉን ጀርባ ገልብጦ ማራስ ያስፈልጋል፤ ክሽክሽ የሚሰፍረው እዚያ ነው። ለ1 ሊትር ውሃ 10 ግራም ተራ የደረቅ ሳሙና ይበቃል። መጀመሪያ አንድ ተክል ላይ ረጭተው፣ አሳድረው ይዩት።

«ማሳ ላይ ያለ ነፍሳት ሁሉ ጠላት ነው»

ቀይ ባለ ነጠብጣቧን ጥንዚዛ ሁሉም ይወዳታል። ልጇን ግን እናቷ እንኳ የምታውቃት አይመስለኝም፦ ጥቁር ግራጫ፣ ሾጠጥ ያለች፣ ጀርባዋ ላይ ብርቱካናማ ነጠብጣብ ያላት፣ ትንሽ አዞ የምትመስል። ክሽክሽ የወረረው ጎመን ላይ ሲያያት ሰው ሁሉ «በላችው!» ብሎ ይጨፈልቃታል። እሷ ግን እዚያ የተገኘችው ክሽክሹን ልትበላ ነው፤ አድጋ ክንፍ እስክታወጣ ድረስ በመቶዎች የሚቆጠሩትን ትጨርሳለች። ከፓይረትረም አበባ የሚሠራውን «ተፈጥሯዊ» ፀረ-ተባይ ከረጩ እሷም አብራ ትሞታለች፤ ንብም እንዲሁ።

«የአሜሪካ መጤ ተምች ያለ ኬሚካል አይቻልም»

ይህ ትል ኢትዮጵያ መግባቱ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ያኔ ገበሬው መጀመሪያ ያነሳው ጣቱን ነበር፤ እየለቀመ ጨፈለቀው። ብዙ የተማረ ሰው ይህን እንደ ድህነት ቆጠረው። እኔ ግን ለግማሽ ሄክታር በቆሎ ከዚህ የተሻለ ጅማሮ አላውቅም። እናቲቱ የእሳት እራት እንቁላሏን በቁጥር መቶ፣ ሁለት መቶ እያደረገች በአንድ ቦታ አከማችታ ጸጉር በመሰለ ነገር ትሸፍነዋለች። አንዱን ክምር በአውራ ጣት መደምሰስ ያን ሁሉ ትል ገና ሳይፈለፈል ማስቀረት ነው። ትሉ ካደገ በኋላ ግን የበቆሎው እምብርት ውስጥ ገብቶ በገዛ ኩሱ ይደፍነዋል፤ ያኔ ኬሚካሉም ኒሙም አይደርስበትም።

ትሉን ለማወቅ ግንባሩን ይዩ፦ የተዘቀዘቀ ባላ የመሰለ መስመር አለው። ጅራቱ አጠገብ ደግሞ አራት ጥቁር ነጠብጣቦች አራት ማዕዘን ሠርተው ይታያሉ። ማሳው ውስጥ እየተዘዋወሩ ይቁጠሩ። በቆሎው ገና ለጋ ሳለ ከመቶው ወደ ሃያ የሚጠጋው፣ ከፍ ካለ በኋላ ደግሞ አርባ ያህሉ ካልተጎዳ መርጫ ማንሳት ገንዘብ ማባከን ነው።

ኬንያ የሚገኘው ኢሲፔ የተባለ የነፍሳት ምርምር ማዕከል ያዳበረው ፑሽ-ፑል የሚባል ዘዴም አለ። በበቆሎው መስመሮች መካከል ዴስሞዲየም የተባለ የመኖ ተክል ይዘራል፤ ሽታው የእሳት እራቷን ያባርራታል። ዙሪያውን የዝሆን ሣር ወይም ብራቻሪያ የተባለ ሣር ይተከላል፤ ያ ደግሞ ይስባታል። መጀመሪያ የታሰበው ለአገዳ ቆርቁር ነበር፤ መጤ ተምችንም ሲቀንስ ታየ። የዴስሞዲየም ሥር አቀንጭራ የተባለውን ጥገኛ አረም ያመነምናል፣ ቅጠሉ ለላም መኖ ይሆናል። የእኛ አገር ችግሩ ሌላ ነው። አዝመራው ሲሰበሰብ ከብት በልቅ ይለቀቃል፤ ዓመት ሙሉ መቆየት ያለበት ዴስሞዲየም በሳምንት ውስጥ ተግጦ ያልቃል። መንደሩ ስለ ግጦሽ ካልተስማማ አንድ ገበሬ ብቻውን አይወጣውም።

«የጎተራው ነገር፣ ትንሽ ዐመድ ጣል ማድረግ ነው»

ዐመድ የሚሠራው በብዛቱ ነው፤ በእህሉ መካከል ያለውን ክፍተት ሞልቶ ነቀዙን መላወሻ ሲያሳጣው። ለኩንታል አንድ እፍኝ ለወጉ ያህል ነው። እናቶቻችን በቆሎን ወይም ማሽላን ከጤፍ ጋር ደባልቀው የሚያስቀምጡት በዚሁ ስሌት ነበር፦ ጤፉ ክፍተቱን ይሞላል፣ ራሱ ደግሞ ለነቀዝ በጣም ያንሳል፣ ሲፈለግም በወንፊት ይለያል። አሁን ባለ ሦስት ድርብ፣ አየር የማያስገባ ከረጢት መጥቷል፤ ነቀዙ ከረጢቱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ጨርሶ ይሞታል። እህሉ በደንብ ካልደረቀ ግን ይሻግታል፤ በየቀኑ ከፈቱትም ከተራ ጆንያ አይለይም። ቤተሰብ በሚተኛበት ቤት እህል ውስጥ የጭስ እንክብል ከመክተት ግን ሁሉም ይሻላል፤ ጋዙ ሰው ይገድላል።

«ለሁሉም በሽታ አንድ ቅጠል አይጠፋም»

የእንሰት አጠውልግን ማየት ነው። ከቅጠልም ከኬሚካልም የሚረጭለት የለም። ተሸካሚው ብዙ ጊዜ ቢላው ነው፤ የታመመውን ቆርጦ ወደ ጤነኛው ሲያልፍ በሽታውን ይዞ ይሄዳል። የታመመውን ከነሥሩ ነቅሎ መቅበር፣ ቢላውን በእያንዳንዱ እንሰት መካከል እሳት ላይ መለብለብ፤ እስከ ዛሬ የተገኘው መድኃኒት ይኸው ነው።