እየጾሙ ጡንቻ ማውጣት

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት የጾም ቀናት በዓመት ከ180 ይበልጣሉ። ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው። ረቡዕና ዓርብም አሉ። በእነዚህ ቀናት ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል አይበላም። ስለዚህ ጾም ሲገባ ጂም የሚያቆሙ ብዙ ልጆች አሉ። «የለፋሁበት ሁሉ ሊጠፋ ነው» ብለው ይሰጋሉ። እኔ ግን ችግሩ ጾሙ አይመስለኝም። ገበታው ላይ እንጀራው ይበዛል፣ ወጡ ያንሳል።

ጡንቻ የሚያድገው ከለመደው በላይ ሲሠራ ነው። ክብደቱን ወይም ድግግሞሹን ቀስ እያሉ መጨመር ያስፈልጋል። ውድ ዕቃ ግድ አይደለም። ቆርቆሮ ውስጥ ሲሚንቶ ሞልተው፣ በብረት አያይዘው የሚሠሩ የሰፈር ልጆች ጥሩ ሰውነት አውጥተዋል።

ዋናው ጥያቄ ፕሮቲን ነው። ክብደት ለሚያነሳ ሰው በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ 1.6 ግራም ገደማ ይመከራል። 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 112 ግራም ይሆናል። በጾም ምግብ ይገኛል? እስቲ እንደምረው። ምስር፣ ባቄላና ሽሮ ተደምሮ፣ ሳይበስል 300 ግራም ቢሆን፣ ወደ 65 ግራም ፕሮቲን ይሰጣል። ከ250 ግራም የጤፍ ዱቄት የተጋገረ እንጀራ 30 ገደማ አለው። 50 ግራም ኦቾሎኒ 12 ይጨምራል። 107 ደረስን ማለት ነው። እርግጥ ይህን ያህል ጥራጥሬ በአንዴ ሆድ ይነፋል፤ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየጨመሩ መልመድ ይሻላል። እንጀራና ሽሮ አብረው መበላታቸውም ይጠቅማል። እህል ላይሲን የተባለው አሚኖ አሲድ (ፕሮቲን ከሚሠራባቸው ንጥረ ነገሮች አንዱ) ያንሰዋል፣ ጥራጥሬ ይሞላለታል። ጥራጥሬ የሚያንሰውን ሜቲዮኒን ደግሞ እህሉ ያመጣል።

እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ምን ያድርግ? ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይብላ፣ ትንሽ ቆይቶ ይሥራ፣ ማታ ደግሞ በደንብ ይመገብ። ከሰዓቱ ይልቅ የቀኑ ድምር ይበልጣል። ውኃም አይርሳ።

የፕሮቲን ዱቄት ለሚፈልጉ፣ ዌይ ፕሮቲን ከወተት ስለሚሠራ ለጾም አይሆንም። የአኩሪ አተሩ ይሆናል። ክሬቲን ጥቅሙ በደንብ ከተረጋገጠላቸው ጥቂት ማሟያዎች አንዱ ነው፤ በቀን ከ3 እስከ 5 ግራም ይበቃል። በተፈጥሮ የሚገኘው ከሥጋና ከዓሣ ስለሆነ፣ ሥጋ የማይበላ ሰው ጡንቻ ውስጥ ያለው ክምችት ዝቅ ይላል። የኩላሊት ሕመም ያለበት ግን መጀመሪያ ሐኪም ያማክር። ጡንቻ ለማሳደግ ተብሎ የሚወሰደውን ስቴሮይድ በጭራሽ እንዳትነኩ! ልብንና ጉበትን ይጎዳል፣ ሰውነት ራሱ የሚያመርተውን ቴስቶስትሮን የተባለ ሆርሞንም ያዳክማል።

እንቅልፍ ከሰባት ሰዓት ባያንስ ጥሩ ነው። ማኅሌት ቆሞ ያደረ ሰው በማግስቱ ከባድ ክብደት ባያነሳ ይመረጣል። በሰሙነ ሕማማትም ስግደቱ ብዙ ስለሆነ፣ የእግር ሥራውን ለዚያ ሳምንት ተዉት።