አኒማቲክ ምንድን ነው?

አኒማቲክ የአንድ አኒሜሽን ክፍል ረቂቅ ቪዲዮ ሲሆን፣ የሚዘጋጀውም የስቶሪቦርዱን (ታሪኩን ትዕይንት በትዕይንት በሥዕል የሚያሳየውን ዕቅድ) ንድፎች በቅደም ተከተል ደርድሮ፣ ከተቀረጸው ንግግር ጋር አጣምሮ፣ እያንዳንዱ ንድፍ ስክሪን ላይ የሚቆይበትን ጊዜ በመወሰን ነው። ገጸ ባሕርያቱ ገና አይንቀሳቀሱም፤ ብዙ ጊዜም ቀለም አልተቀቡም። ታሪኩ ግን ከመነሻው እስከ ፍጻሜው ቁጭ ብለው የሚያዩት ሆኗል።

አንዱ ጥቅሙ ወጪ መቆጠቡ ነው። በእጅ በሚሣል አኒሜሽን አንድ ሰከንድ አብዛኛውን ጊዜ 24 ፍሬም (በተከታታይ የሚታዩ ነጠላ ምስሎች) አለው፤ አንዱ ሥዕል ለሁለት ፍሬም ቢያገለግል እንኳ 12 ሥዕል ያስፈልጋል። በዚህ ስሌት ያለማቋረጥ የሚንቀሳቀስ አንድ ገጸ ባሕርይ ብቻውን በ11 ደቂቃ ክፍል ውስጥ 7,920 ሥዕል ይጠይቃል። ተሥሎ ያለቀን ትዕይንት ቆርጦ መጣል ምን ያህል ድካም እንደሚያባክን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ለልጆች ለሚጽፍ ደራሲ ግን ከወጪው ይልቅ የጊዜው ጉዳይ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። በአሜሪካው ኒኬሎዲየን ጣቢያ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1996 የተጀመረው «ብሉስ ክሉስ» የተባለው የሕፃናት ፕሮግራም ይህን በግልጽ ያሳያል። አቅራቢው ወደ ካሜራው ዞሮ ተመልካቾቹን ይጠይቅና መልሳቸውን ዝም ብሎ ይጠብቃል፤ ዝምታውም ትንሹ ልጅ አስቦ እንዲመልስ የሚበቃ፣ ትልቁን ደግሞ የማያሰለች መሆን ነበረበት። ድርሰቱ ላይ «ዝም ይላል» ብሎ መጻፍ ይህን ልክ አይሰጥም። አዘጋጆቹ እያንዳንዱን ክፍል ገና በሥራ ላይ እያለ ለሕፃናት እያሳዩ ይፈትኑት የነበረ ሲሆን፣ ከፈተናዎቹ አንዱ የሚካሄደው በቪዲዮ በተቀረጹ የስቶሪቦርድ ንድፎች ነበር። ልጆቹ የት ላይ እንደሚመልሱና የት ላይ ዓይናቸውን ከስክሪኑ ላይ እንደሚያነሡ የሚታየው እንዲህ ሲሞከር ነው።

አኒማቲክ የተረፈ ንግግርንም ያጋልጣል። አንዲት ልጅ እንስራ ከእጇ አምልጧት ሲሰበር «ውይ፣ እንስራው ተሰበረ!» የምትል ከሆነ፣ በወረቀት ላይ ያለ እንከን የሚነበበው ይህ አነጋገር ስባሪው በሥዕል ሲታይ ትርፍ ይሆናል። ደራሲው ንግግሩን ያወጣና በምትኩ የልጅቷን የደነገጠ ፊት ለአንድ ሰከንድ ተኩል ያህል ያቆየዋል፤ የአራት ዓመት ልጅም የሆነውን ራሱ ለመረዳት ጊዜ ያገኛል።

አኒማቲኩ ከጸደቀ በኋላ አኒሜተሮቹ እያንዳንዱን ሾት (ሳይቆራረጥ የሚታይ አንድ ቀረጻ) በተወሰነለት የፍሬም ቁጥር ልክ ስለሚሠሩ፣ ደራሲው ታሪኩን ማስተካከል ያለበት ከዚያ በፊት ነው።