ሐሰተኛ መምህር ማን ነው?

«ትንቢቱ ተፈጽሟል፣ በሽተኛውም ተፈውሷል፤ ታዲያ እንዴት ሐሰተኛ ይባላል?» የሚል ሙግት ደጋግሞ ይነሣል። ሙግተኛው ዘዳግም 13ን ቢያነብ ኖሮ ይህን ባላነሣ ነበር፤ ምዕራፉ የሚያስጠነቅቀው የተናገረው ምልክት ከደረሰለት በኋላ «ሌሎችን አማልክት እንከተል» ስለሚል ሰው ነውና። ጌታም በማቴዎስ 7 «በስምህ ትንቢት አልተናገርንምን?» የሚሉትን «ከቶ አላወቅኋችሁም» ሲላቸው፣ ተአምር አላደረጋችሁም አላላቸውም።

መልካም ጠባይም ቢሆን ብቻውን ዋስትና አይሆንም። የእስክንድርያውን ቄስ አርዮስን የቆጵሮሱ ኤጲፋንዮስ «አታላይ» ብሎ እየነቀፈው እንኳ አለባበሱ የመናኝ፣ አንደበቱም ለስላሳ እንደ ነበር ጽፏል። (ስለ አርዮስ የምናውቀው አብዛኛው ከተቃዋሚዎቹ ብዕር የወጣ ስለሆነ በጥንቃቄ መነበብ አለበት፤ ተቃዋሚ የመሰከረው በጎ ነገር ግን ይበልጥ ይታመናል።) ጥቅስም አልጎደለውም፤ ምሳሌ 8፥22ን እየጠቀሰ ነበር ወልድን ፍጡር ያለው።

ሁለተኛው ጴጥሮስ «ኑፋቄን አሹልከው ያገባሉ» የሚለው እንዲህ ያለውን ነው። ቅቤ ላይ ባዕድ ነገር የሚቀላቅል ነጋዴ አብዛኛውን ቅቤ ያደርገዋል፤ ንጹሑን ከላይ ስለሚለብጠው ገዢዋ ቆንጥራ ብታሸተውም የሚሸታት ቅቤ ነው፤ ጉዱ የሚወጣው ቤት ገብቶ እሳት ላይ ሲነጠር ነው። የአርዮስንም ትምህርት ያነጠረው «ወልድ ፍጡር ከሆነ ለፍጡር እየሰገድን ነው ማለት ነዋ!» የሚለው የአትናቴዎስ ክርክር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ325 በኒቅያ የተሰበሰቡት አባቶችም «የተወለደ እንጂ ያልተፈጠረ» ብለው ደነገጉ።

አሬራው በደንብ ሳይታጠብ የቀረ ቅቤ ግን ባዕድ ነገር አልገባበትም፤ ባለቤቷ ሲነገራት መልሳ ታጥበዋለች። የተሳሳተውን ሰባኪ ሁሉ «ሐሰተኛ» እያሉ የሚፈርጁት ይህን ልዩነት ይዘነጋሉ። አጵሎስ የዮሐንስን ጥምቀት ብቻ እያወቀ በኤፌሶን ሲያስተምር፣ አቂላና ጵርስቅላ ወደ ራሳቸው ወስደው የእግዚአብሔርን መንገድ አብራሩለት፤ ወንድሞችም ደብዳቤ ጽፈውለት ወደ አካይያ ተሻገረ። ወደ ቲቶ የተላከው መልእክት እንኳ ከመናፍቅ መራቅን የሚያዝዘው አንድ ጊዜ ወይም ሁለት ጊዜ ከተገሠጸ በኋላ ነው፤ የዛሬው ፈራጅ ግን ከሙሉው ስብከት ተቆርጦ የተለጠፈ አንድ ደቂቃ ይበቃዋል።