ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ዋት እና ከስፒከሩ የሚወጣው ዋት

ሪሲቨር ሲባል ለብዙ ሰው ቀድሞ የሚመጣለት የዲሹ ነው። እዚህ የምናወራው ግን ስለ ሆም ቴአትር ሪሲቨር፣ ማለትም የቴሌቪዥኑንና የዲቪዲውን ድምፅ አጉልቶ ለስፒከሮቹ ስለሚሰጠው ነው። አብዛኛው ሰው የሚገዛው ዋቱን አይቶ ነው፤ ዋቱ ደግሞ እንዴት እንደተለካ ካልታወቀ የሚነግረን ነገር የለም። ስለ ዋት ብዙ ጊዜ የሚባሉትን አንድ በአንድ እንያቸው።

«7 ቻናል ነው፣ በየቻናሉ 150 ዋት፤ ስለዚህ 1050 ዋት አለው»

የለውም። 150 ዋት ብዙ ጊዜ የሚገኘው አንድ ቻናል (ለአንድ ስፒከር የሚሄደው መስመር) ብቻ እየሠራ፣ በ6 ኦህም (የስፒከሩ የኤሌክትሪክ መቋቋም)፣ በ1000 ሄርዝ (በአንድ የድምፅ ቅጥነት) ብቻ፣ የድምፁ መዛባት 10 በመቶ እስኪደርስ ተገፍቶ ነው። 10 በመቶ ላይ የሞገዱ ጫፍ ተቆርጧል፤ ድምፁ ይሻክራል። መዛባቱን ከ1 ወደ 10 በመቶ መልቀቅ ብቻውን ቁጥሩን በሩብ ገደማ ያሳብጠዋል። የዚያው ሪሲቨር መመሪያ መጨረሻ ገጾች ላይ ግን «80 ዋት፣ 8 ኦህም፣ ከ20 እስከ 20,000 ሄርዝ፣ 0.08 በመቶ፣ 2 ቻናል» የሚል መስመር ልታገኙ ትችላላችሁ። ዕቃ ከዕቃ ስታወዳድሩ መያዝ ያለባችሁ ይህንን ነው። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽንም በ1974 ያወጣውን ደንብ በ2024 ሲያሻሽል መለኪያው 8 ኦህም፣ ከ20 እስከ 20,000 ሄርዝ፣ መዛባቱም ከ1 በመቶ በታች እንዲሆን ወስኗል።

7ቱም ቻናሎች አንድ ላይ ሲጫኑ የሚስቡት ከአንድ ትራንስፎርመር ነው፤ በየቻናሉ 40 ወይም 50 ዋት ብቻ ቢደርስ አይግረማችሁ። ለፊልም ይህ ያን ያህል አይጎዳም፤ ሁሉም ስፒከሮች በአንድ ቅጽበት ሙሉ ኃይል የሚጠይቁበት ጊዜ ጥቂት ነውና።

«3000 ዋት ፒኤምፒኦ ይላል»

ፒኤምፒኦ (ለቅጽበት ብቻ ይደረስበታል የሚባለው የኃይል ጣሪያ) ሁሉም የሚስማማበት መለኪያ የለውም፤ እርሱት። ዕቃውን አዙሩና ከኋላ የተለጠፈውን አንብቡ። «220 ቮልት፣ 60 ዋት» የሚል ከሆነ ከግድግዳው 60 ዋት የሚወስድ ዕቃ ያለማቋረጥ 3000 ሊሰጥ አይችልም። በትልልቅ ሪሲቨሮች ላይ ግን ይህ ቁጥር ብዙ ጊዜ የሚለካው በሙሉ ኃይል ስላልሆነ ለግምት ብቻ ተጠቀሙበት።

«200 ዋት ከ100 ዋት እጥፍ ይጮኻል»

ልዩነቱ 3 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ነው፤ ጆሮ ይለየዋል፣ ግን እጥፍ አይደለም። ድምፁ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ ወደ 10 ጊዜ የሚበልጥ ዋት ያስፈልጋል። በእኩል ዋት 88 ዴሲቤል ከሚያወጣ ስፒከር 91 ወደሚያወጣ መቀየር ዋቱን በእጥፍ ከማሳደግ እኩል ነው፤ ስለዚህ ገንዘቡ ለስፒከሩ ቢውል ይሻላል።

«ትንሽ አምፕሊፋየር ስፒከር አያቃጥልም»

ያቃጥላል። ከአቅሙ በላይ ሲገፋ የተቆረጠው ሞገድ ቀጫጭን ድምፆችን ያበዛል፤ መጀመሪያ የሚሄደው ትዊተሩ፣ ማለትም ቀጫጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትንሹ ስፒከር ነው።

«የመብራቱ ቮልት ለውጥ አያመጣም»

በተለመደው ባለ ትራንስፎርመር ሪሲቨር ላይ ያመጣል። 220 የነበረው ወደ 190 ሲወርድ ከፍተኛው ዋት በሩብ ያህል ይቀንሳል። ከአሜሪካ የመጣ ባለ 120 ቮልት ሪሲቨር ደግሞ ቮልት የሚቀንስ ትራንስፎርመር ይፈልጋል። ሪሲቨሩ 500 ዋት እያለ የ300 ዋት ትራንስፎርመር ከገዛችሁ ባስ ሲመታ ድምፁ ይዝላል፣ ትራንስፎርመሩም ይግላል።

«ያለ ላብራቶሪ አይለካም»

በቴስተር ይለካል። ስፒከሮቹን ነቅላችሁ በአንድ ቻናል ላይ ባለ 8 ኦህም፣ 100 ዋት ሬዚስተር ግጠሙ፤ ስለሚግል ብረት ወይም ጡብ ላይ ይቀመጥ። የ50 ሄርዝ ድምፅ አጫውቱ፣ ቴስተሩን ኤሲ ቮልት ላይ አድርጉ። ድምፁን 1 ዴሲቤል በጨመራችሁ ቁጥር ቮልቱ 12 በመቶ ገደማ መጨመር አለበት። ከዚያ በግልጽ ያነሰ የጨመረበት ቦታ ላይ ሞገዱ መቆረጥ ጀምሯል፤ አንድ ደረጃ መለስ በሉ። ቮልቱን በራሱ አባዝታችሁ ለ8 አካፍሉ፦ 20 ቮልት 50 ዋት ነው፣ 28.3 ቮልት 100 ዋት። እያንዳንዱን ንባብ ከጥቂት ሰከንድ በላይ አታቆዩት።